መልስ፦ እናቴ ሐምሌ 16ን ለምን አትረሳም? እኔስ ለምን አላውቀውም?

እናትሽ ያልረሱት በልጅነታቸው በየዓመቱ ይከበር ስለነበር ነው። ሐምሌ 16 የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልደት፣ ጥቅምት 23 የዘውድ በዓላቸው፤ ሁለቱም የመንግሥት በዓል ነበሩ።

አንቺ የማታውቂው ደርግ ስላስቀረው ነው። ንጉሡ የወረዱበትን መስከረም 2ን የአብዮት በዓል አደረገው። ቀጣዩ ትውልድ ደግሞ ለዚያ ተሰልፎ አደገ። ሻሸመኔ ያሉት ራስ ተፈሪያውያን ግን የንጉሡን ቀናት ዛሬም ያከብራሉ፤ እዚያ ሰፈር ያደገ ልጅ ሐምሌ 16ን አይስተውም።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ትልልቅ ሰዎችን ስጠይቅ እንዳየሁት፣ በዓሉን በደስታ የሚያነሳ ሁሉ ዘመኑን ይወደው ነበር ማለት አይደለም። የበዓል ትዝታ የወሎን ረሃብ ይሸፍናል። ስለ 1965 እና 1966 እናትሽን ለብቻው ጠይቂያቸው።