ሁክን (የቦውሊንግ ኳስ ወደ ጎን መታጠፉን) ለመቆጣጠር ኳሱ የት ይበሳ? (ለተጠየቀው መልስ)

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼዋለሁ። አዲስ አሲሜትሪክ ሪአክቲቭ የቦውሊንግ ኳስ (የውስጡ ክብደት ያልተመጣጠነ፣ ገጹ ሌኑን የሚይዝ) ገዝተሃል። አሮጌው መጨረሻ ላይ በድንገት እየታጠፈ ፖኬቱን (ኳሱ ሊመታ የሚገባውን ቦታ) አልፎ ወደ ግራ ይሄድብሃል፣ ፖሊሽ ብታስደርገውም (ገጹን ብታስወለውለውም) ባሰበት። አሁን ደግሞ የአዲሱ ፒን ከጣት ቀዳዳዎቹ በላይ ይሁን ወይስ በታች ብለህ ጠይቀሃል።

ከላይ ወይስ ከታች የሚለው ብቻውን አይመለስም። ፒን የምንላት ኳሱ ላይ ያለችው ባለ ቀለም ትንሽ ክብ የኮሩ (የውስጡ የክብደት እምብርት) አናት ወዴት እንደሆነ ታመለክታለች። ዋናው ጉዳይ ከፒኤፒህ ምን ያህል ትርቃለች የሚለው ነው። ፒኤፒ ማለት ኳሱ ከእጅህ ሲወጣ የሚሽከረከርበት ዘንግ ገጹን የሚነካበት ነጥብ ነው፣ ከሰው ሰው ይለያያል። የሊግ ጓደኛህን ሌይአውት (የቀዳዳዎች አቀማመጥ) ገልብጦ ማሠራት በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ሱሪ እንደመልበስ ነው።

ፒኤፒህን አሁን ባለህ ኳስ ማግኘት ይቻላል። ጥሩ ፕሮ ሾፕ (ኳስ የሚበሳ ሱቅ) ከእጅህ ሲወጣ የሠራውን የመጀመሪያ የዘይት ቀለበት አይቶ ይለካልሃል። ከዚያ ነጥቡ ላይ ትንሽ ነጭ ቴፕ ለጥፍና ጣለው፣ አንድ ሰው ከጎን በስልክ ይቅረጽህ። ኳሱ ከእጅህ እንደወጣ ቴፑ ቦታው ላይ ቆሞ የሚሽከረከር ከሆነ ልክ ነው። እየዞረ ክብ ከሠራ ነጥቡ ገና አልተገኘም፣ ትንሽ አንቀሳቅሰህ ድገመው። ይህ ሳይደረግ መሰርሰሪያ የሚያነሳ ባለሙያ ካጋጠመህ ኳስህን ይዘህ ውጣ።

ፒኑ ከፒኤፒ 3⅜ ኢንች ሲርቅ ፍሌሩ (በኳሱ ላይ የዘይት ቀለበቶቹ መራራቅ) ከፍተኛ ይሆናል፤ ኳሱ በዞረ ቁጥር ዘይት ያልነካው አዲስ ገጽ ሌኑን ስለሚያገኝ በደንብ ይይዛል። ከዚያ ወደ 0 ወይም ወደ 6¾ በሄድክ ቁጥር ፍሌሩ ይቀንሳል። ላንተ ከ4½ እስከ 5 ኢንች አካባቢ ይሻልሃል እላለሁ። ሁለተኛው ቁልፍ የቫል ማዕዘን ነው። ቫል በፒኤፒ ላይ ቀጥ ብሎ የሚያልፈው መስመር ነው፣ ከሱ እስከ ፒኑና ፒኤፒን የሚያገናኘው መስመር ያለው ማዕዘን ሲጠብ ኳሱ በድንገት ይታጠፋል፣ ሲሰፋ ግን ይለዝባል። ወደ 65 ወይም 70 ዲግሪ አሰፋው፤ ያኔ ፒኑ አብዛኛውን ጊዜ ከጣት ቀዳዳዎቹ ጎን ወይም በታች ይውላል።

አሁን ወደ ፖሊሹ ልምጣ፣ ምክንያቱም ችግርህ በብዛት እዚያ ያለ ይመስለኛል። ሌኑ ከፋውል መስመሩ (ከመወርወሪያው መስመር) እስከ መጀመሪያው የሚመታው ፒን (እዚህ ኳሱ ላይ ያለችው ነጥብ ሳትሆን የቆመው ዒላማ) 60 ጫማ ነው፣ በቦውሊንግ ቤቶች ሌኑ ላይ የሚቀባው የተለመደው ዘይት ደግሞ 40 ጫማ አካባቢ ላይ ያልቃል። ፖሊሽ የተደረገ ኳስ ዘይቱን ተንሸራቶ ያልፋል፣ ጉልበቱንም አይጨርስም። ከዚያ የመጨረሻውን ደረቅ 20 ጫማ ሲያገኝ ያጠራቀመውን ሁሉ በአንዴ ይለቀዋል። ስለዚህ ጫፉ ላይ የሚዘልን ኳስ ማለስለስ ነገሩን ያባብሰዋል። በ2000 ፓድ (የማሻሻ ጨርቅ)፣ ካስፈለገም ሻካራ በሆነው በ1000 ገጹን አደብዝዘው፤ ቀደም ብሎ ሌኑን ይይዛል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ይረጋጋል። አሮጌው ኳስ ላይ ይህን ሞክር፣ አዲሱን ከመብሳትህ በፊት። ዋጋው ከመበሳት ጋር አይወዳደርም። በሊግ ጨዋታ መሃል ግን ገጹን በፓድ መንካት ክልክል ነው፣ ከመጀመሩ በፊት ጨርስ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የቆዩ ቪዲዮዎች ላይ ተጨማሪ ቀዳዳ በመብሳት የኳሱን ጠባይ ስለማስተካከል ይነገራል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2020 ጀምሮ ዩኤስቢሲ (የአሜሪካ የቦውሊንግ ጨዋታ ደንብ አውጪ አካል) ያንን ቀዳዳ ከልክሏል፤ አንዴ ከተበሳ በኋላ ያለህ አማራጭ አስደፍኖ እንደገና ማስበሳት ብቻ ነው። ለዚህም ነው ፒኤፒህን ሳታውቅ አትቸኩል የምልህ።

ልኩን ስታገኝ ከኳስህ ፍጥነት ጋር ጻፍልን። ስለ ሦስተኛው ልክ፣ ማለትም ስለ ድሪሊንግ አንግሉ (የመብሻው ማዕዘን)፣ ያኔ በቁጥር እንነጋገራለን።