ስክሪኑ «-0.0» ሲያሳይ፦ የፍሎት ቁጥርን ምልክት በሲ መለየት

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ላለ የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍል የሙቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ እየጻፍኩ ነው። ከሴንሰሩ የመጣውን ቁጥር በ10 አባዝቼ፣ በራውንድ አጠጋግቼ፣ መልሼ ለ10 አካፍላለሁ። ስክሪኑ አንዳንዴ «-0.0» ያወጣል፤ «ሙቀት < 0» የሚለው ኢፍ ግን አይሠራም። ምልክቱን እንዴት ልለይ?

መልስ፦ ኮምፓይለሩ አልተሳሳተም። ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር የሚያዝበት ዓይነት) 32 ቢት ነው፤ የላይኛው 1 ቢት ለምልክት፣ 8ቱ ለኤክስፖነንት (የቁጥሩ መጠን ደረጃ)፣ 23ቱ ለማንቲሳ (የቁጥሩ አሃዞች)። ምልክቱ የራሱ ቢት ስላለው ዜሮም ማይነስ ሊሆን ይችላል። -0.04 በ10 ሲባዛ -0.4፣ ሲጠጋጋ -0.0፣ ለ10 ሲካፈልም ያው -0.0 ነው። አይ ትሪፕል ኢ 754 በሚባለው የፍሎት ቁጥሮች ደንብ ደግሞ -0.0 እና 0.0 እኩል ናቸው። ኢፉ ያልሠራው ለዚህ ነው።

ቢቱን ማየት ካስፈለገ ማዝ ዶት ኤች በሚባለው የሲ የሒሳብ ፋይል ውስጥ፣ ሲ99 ከተባለው የቋንቋው ስሪት ጀምሮ ሳይንቢት የሚባል የምልክት ቢት መፈተሻ አለ። ውጤቱን ከ1 ጋር አያወዳድሩ፤ ማይነስ ሲሆን ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ይመልሳል እንጂ የግድ 1 አይደለም። የፍሎቱን አድራሻ ወደ ኢንት ፖይንተር ቀይሮ ማንበብም ይቅር፤ ኦፕቲማይዜሽን (ኮምፓይለሩ ኮዱን የሚያፈጥንበት አማራጭ) ሲበራ ውጤቱ ሊበላሽ ይችላል።

ለእርስዎ ሥራ ግን ሳይንቢት አያስፈልግም ባይ ነኝ። ኢፉ ያልተጠጋጋውን ቁጥር ይመርምር፤ -0.04 በእርግጥ ከዜሮ በታች ነው። የተጠጋጋው ለስክሪን ብቻ ይሁን፤ ከማተምዎ በፊት «ኢፍ (ማሳያ == 0) ማሳያ = 0;» ሲሉ ማይነሱ ይጠፋል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ናን («ቁጥር አይደለም» የሚል ልዩ የፍሎት ዋጋ) ነው። ብዙ የሴንሰር ላይብረሪዎች ንባብ ሲከሽፍ ናን ይመልሳሉ፤ «ናን < 0» ደግሞ ሁልጊዜ ሐሰት ነው። ኮድዎ «ከዜሮ በታች ከሆነ ኮምፕሬሰሩን አጥፋ፣ አለዚያ አብራ» የሚል ከሆነ፣ ሽቦ በተላቀቀ ጊዜ ኮምፕሬሰሩ በድሬ ሙቀት ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ሥጋውም ይበረዳል። ሳይንቢትም አያድንም፤ የናን የምልክት ቢት 0ም 1ም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ኢዝናን በሚባለው የናን መፈተሻ ይፈትሹ፣ ናን ከሆነ ማንቂያ ያስጩሁ። ጂሲሲ በሚባለው ኮምፓይለር ፋስት ማዝ የተባለውን የማፍጠኛ አማራጭ አይክፈቱ፤ ኮምፓይለሩ ናን የለም ብሎ ፍተሻዎን ሊያስቀረው ይችላል።

ሲሞክሩ -0.04፣ 0.0፣ -0.0 እና ናን ያስገቡ። ነጥቡን ትተው -0 ብለው ከጻፉ ኢንቲጀር ስለሆነ ተራ ዜሮ ነው የሚሆነው።