በዓልና ጤና፦ ጠይቃችሁኝ የመለስኩት

በድንገተኛ ክፍል ነርስነት ብዙ የበዓል ሌሊቶችን በተረኝነት አሳልፌያለሁ። በዓል በቀረበ ቁጥር ዘመድም ጎረቤትም ስለሚጠይቀኝ፣ ዘንድሮ ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ ላኩልኝ ብዬ ነበር። የመጡት ከነመልሳቸው እነሆ። የመድኃኒት መጠንን የሚመለከተውን ግን የሚከታተላችሁን ሐኪም ጠይቁ፤ ሳላያችሁ አልናገርም።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ለማታው ግብዣ ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳልበላ ብውል ክብደት እንዳልጨምር ይረዳኛል?

አይረዳሽም እህቴ። ተርቦ ማዕድ የቀረበ ሰው ቶሎ ቶሎ ይጎርሳል፤ የጥጋብ ስሜት ደግሞ 20 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ጥጋቡ ሲደርስ አንቺ ሁለተኛውን ሳህን ጨርሰሻል። ጠዋት መጠነኛ ቁርስ ብዪ፣ ማታ የምትወጂውን መርጠሽ ቀስ ብለሽ አጣጥሚ። በማግስቱ ሚዛኑ አንድ ኪሎ ጨምሮ ቢያሳይሽ አትደንግጪ፤ አብዛኛው ጨው የያዘው ውሃ ነው፣ በጥቂት ቀናት ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ለብዙ እንግዳ በትልቅ ድስት አብስለን ምድጃው ላይ እናሳድረዋለን። ጠዋት በደንብ ካፈላነው ምን ችግር አለው?

ችግር አለው፤ ከሁሉም ጥያቄ ይህን በሰፊው መመለስ እፈልጋለሁ። ትልቅ ድስት ከወረደ ከሦስት ሰዓት በኋላ ጎኑን ብትነኩት ቀዝቅዟል። ማንኪያ ወደ መሐሉ አስገብታችሁ ብትቀምሱ ግን ገና ለብ ያለ ነው። ባክቴሪያ የሚወደው ያንን ለብታ ነው፤ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ በፍጥነት ይራባል። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች መፍላትን የሚቋቋም ዘር መሰል ቅርፊት አላቸው። ምግቡ ሲበስል አይሞቱም፣ ሲቀዘቅዝ ይነቃሉ። ሌሎቹ ደግሞ ምግቡ ውስጥ መርዝ ይተዋሉ፤ ጠዋት ስታፈሉት ባክቴሪያው ቢሞትም መርዙ ይቀራል። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ስለሚችል ቀምሶ ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ ቀኑ ሞቃት ከሆነ፣ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ማለቴ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። የተረፈውን ጥልቀት በሌላቸው ትንንሽ ዕቃዎች ከፋፍላችሁ ፍሪጅ አስገቡ፤ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በላይ አታቆዩት። ስታሞቁ መሐሉ ጭምር እስኪያጨስ ድረስ ይሁን፣ ደግሞም የምትበሉትን ያህል ብቻ አውጥታችሁ። በአንድ ድስት የበሉ ሦስት ልጆች ተከታትለው ሲገቡ ያየ ሰው የተረፈ ምግብ ለመድፋት አይሳሳም።

ጥያቄ፦ ትኩሱን ካስገባሁት ፍሪጁ አይበላሽም?

ትልቁን ድስት እንዳለ አታስገቢ እንጂ፣ የተከፋፈለው እንፋሎቱ ከበረደለት ይበቃል። ጨርሶ እስኪቀዘቅዝ አትጠብቂ።

ጥያቄ፦ ማታ ጠጥቼ መንዳት ካለብኝ ወፍራም ቡና ያስተካክለኛል?

አያስተካክልህም ወንድሜ። ቡና እንቅልፍህን ያባርራል፣ ስካርህን ግን አያወጣልህም። አልኮሉን የሚያጠፋው ጉበት ነው፤ እሱም በሰዓት አንድ መጠጥ ያህል ብቻ ነው የሚያጣራው። ቀዝቃዛ ውሃም ሆነ ማስታወክ አያፋጥነውም። ቁልፉን ከመጠጣትህ በፊት ለሌላ ሰው ስጥ፤ ከጠጣህ በኋላ አልሰጥም ትላለህ።

ልብ ሕመም ሳይኖርባቸው ከከባድ መጠጥ በኋላ ልባቸው ያለ ሥርዓት የሚመታባቸው ሰዎችም አሉ። ሐኪሞች ይህን በ1978 እ.ኤ.አ. «የበዓል ልብ» ብለው ሰየሙት። ልብህ ቢርገበገብና ባያቆም፣ ወይም ደረትህን ቢያምህ፣ ሳይነጋ ሂድ።

ጥያቄ፦ ሰክሮ ያንኮራፋ እንግዳ ይተኛ ብለን ብንተወውስ?

ብቻውን አትተዉት። ከተኛም በኋላ ሆዱ ውስጥ ያለው አልኮል ወደ ደሙ መግባቱን ይቀጥላል። ትውከቱ እንዳያንቀው በጎኑ አስተኙት፤ አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። በስሙ ጠርታችሁ፣ ትከሻውን ነቅንቃችሁ ካልነቃ፣ ትንፋሹ በደቂቃ ከስምንት ካነሰ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ገላው ከቀዘቀዘ እንቅልፍ አይደለም፤ አምቡላንስ ጥሩ። ይህን በሕይወቴ ደጋግሜ አይቻለሁና እባካችሁ አታሳንሱት።

ጥያቄ፦ እናቴ የስኳር ሕመም አለባት፤ ኢንሱሊን ትወስዳለች። በበዓል ቀን እንድትደሰት ምን ላድርግላት?

ሰዓቷን ጠብቂላት። በበዓል ምሳ ይዘገያል፤ ኢንሱሊኗን ወስዳ ምግቡ ከዘገየ ስኳሯ ይወርዳል። እንግዳው እስኪሟላ አትጠብቅ፣ በሰዓቷ ትብላ። ጣፋጩን ጨርሶ ከመከልከል ትንሽ ቆርሰሽ ከምግብ ጋር ስጫት። ከምግብ በኋላ ክንዷን ይዘሽ 15 ደቂቃ ያህል አብረሽ ተራመጂ፤ ጡንቻ ሲሠራ ከደም ስኳር ይወስዳል።

ካላባት፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ንግግሯ ከተዘበራረቀ ለኪያት። ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ አጠጪያት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመሽ ለኪያት። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም አትስጪያት፣ ወዲያው ሐኪም ቤት አድርሻት። አልኮል ከቀመሰች ስኳሩ ሌሊት ተኝታ ሳለ ሊወርድ ስለሚችል ከመተኛቷ በፊት ለኪያት፣ ትንሽ ምግብም አቅምሻት።

ጥያቄ፦ አባቴ የልብ ድካም አለባቸው። ጨው ይቀንሱ ተብለዋል፤ አንድ ቀን ቢያልፍስ?

የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ እንኳ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል። ለእሳቸው አንድ የግብዣ ቀን ብቻ ሳንባቸው ውሃ እንዲቋጥር ሊያደርግ ይችላል። የእሳቸውን ድርሻ ጨው ሳይገባበት ቀድማችሁ አውጡ። እስከ ትናንት በአንድ ትራስ ይተኙ የነበሩ ሰው ዛሬ ሦስት ትራስ ከጠየቁ፣ ወይም ጫማቸው እምቢ ካለ፣ በዓሉ እስኪያልፍ አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ ቤቱ በልጆች ይሞላል። ከምን ልጠብቃቸው?

ከሦስት ነገሮች። ሌሊት ጠረጴዛ ላይ ከተረፈ መጠጥ፤ ልጆች ከአዋቂ ቀድመው ይነሣሉ፣ ጥቂት አልኮልም የትንሽ ልጅን ስኳር ክፉኛ ያወርዳል። ብርጭቆዎቹን ሳታጥቡ አትተኙ። ሁለተኛው ለውዝና የመሳሰለው ጠንካራ ፍሬ ነው፤ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉውን አትስጡ። ሦስተኛው የአሻንጉሊት ክብ ትንሽ ባትሪ ነው። ከተዋጠ ጉሮሮውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል። ለማስታወክ አትሞክሩ፤ ልጁን አንሥታችሁ ሩጡ።

ጥያቄ፦ ውጭ ስንጠብስበት ያመሸነውን ከሰል ቤት አስገብተን ብንሞቀውስ?

በፍጹም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ስለሚያመጣ ሰው ምግቡ ወይም መጠጡ ነው ብሎ ይተኛል። መስኮት መክፈት ዋስትና አይሆንም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት ቀኝ እጄ ደነዘዘና ማንኪያው ወደቀብኝ፣ ምላሴም ተሳሰረ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ለቀቀኝ፤ አሁን ደህና ነኝ። ልጆቼ ከሩቅ መጥተውልኛል፣ በዓሉን ማበላሸት ስላልፈለግሁ አልነገርኳቸውም። ከበዓሉ በኋላ ልታይ?

እማማ፣ አሁን ይሂዱ። ያ የለቀቀዎት ነገር ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለጥቂት ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የሚያሳይ ምልክት ሊሆን ይችላል። ከባዱ ስትሮክ የሚመጣበት ዕድል ደግሞ በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ውስጥ ከፍተኛ ነው። ዛሬ ከታዩ ሐኪሞች ሊከላከሉት የሚችሉበት መድኃኒት አላቸው። ድንገት ከተመለሰብዎት ደግሞ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የጀመረበትን ሰዓት ልጆችዎ ይወቁት።

ይህን እንዳነበቡ ትልቁን ልጅዎን ይጥሩና የጻፉልኝን ያሳዩት። ብቻዎን አይውጡ፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል ይያዙ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ አንድ ቃል ይጻፉልኝ፤ ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ።