ወንድሜን «ባንዳ» አልኩት

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታላቅ ወንድሜም እዚሁ ነው፤ በመኪና ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ከ2013 ወዲህ ፖለቲካ ከተነሳ አንግባባም። ለፋሲካ ቤቱ ጠርቶን ሄድን። ዶሮው ቀርቦ ሳለ የአገር ቤት ወሬ ተነሳ። እሱ «ዘረኛ» አለኝ። እኔም «ባንዳ» አልኩት። ልጆቹ እያዩን ነው። የጎረስኩትን ሳልውጥ ሚስቴንና ልጄን ይዤ ወጣሁ። ከቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕም ወጣሁ። ይኸው አራት ወር ሆነን። እናታችን ደሴ ናት። በደወለች ቁጥር «ተገናኛችሁ ወይ?» ትለኛለች። «አዎ» እላታለሁ። ባለቤቴ «ከነገሩ ጦም እደሩ ነው፣ ፖለቲካው ይቅርብህ» ትላለች። እኔ ግን የሰው ሕይወት እየጠፋ ስለ ጨዋነት ማውራት ማስመሰል ይመስለኛል። ምን ይሉኛል?
የደሴው ልጅ

መልስ፦ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በምን ጉዳይ እንዳልተስማማችሁ አንድም ቃል የለበትም። የቀሩት ሁለቱ ስድቦች ናቸው። አራት ወር ያኮራረፋችሁ ነገር ራሱ የት እንደገባ እንጃ!

ይህን የምልህ ቤታችን ውስጥ ስላየሁት ነው። በ1968 የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሁለቱ ወንድሞቼ ከዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተመለሱ። በዘመኑ ከነበሩት የፖለቲካ ድርጅቶች ታላቁ መኢሶን ሆነ፣ ተከታዩ ኢሕአፓ። ሁለቱም «መሬት ላራሹ» ብለው የተሰለፉ፣ አንድ መጽሐፍ እየተቀባበሉ ያነበቡ፣ አንድ አልጋ ላይ የሚተኙ ልጆች ናቸው። ታዲያ ምን ለያያቸው? ታላቁ ደርግን እየተቹ መደገፍ ይሻላል ይላል። «ሂሳዊ ድጋፍ» ይሉታል። ተከታዩ ወታደሩ ወደ ካምፑ ይመለስ፣ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ይላል። ትልቅ ጉዳይ ነው። ቢጮሁበትም አይፈረድባቸውም፤ ይጮሁበትም ነበር። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አብዮታዊ መድረክ» የሚባል ዓምድ ነበር። ሁለቱ ወገኖች በብዕር ስም እየተመላለሱ ይከራከሩበታል። ወንድሞቼ ጋዜጣውን ተሻምተው፣ በእርሳስ እያሰመሩበት፣ እስከ እኩለ ሌሊት ይነታረካሉ። እናቴ «መብራቱን አጥፉ!» እያለች ትጮሃለች። እኔ መጋረጃ ጀርባ ተኝቼ እሰማለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ስሞቹ መጡ። ታላቁ «ባንዳ» ተባለ፣ ተከታዩ «አናርኪስት»። ቤቱ ጸጥ አለ። ለባንዳ እኮ መልስ አይሰጥም። ባንዳ ማለት ለጣሊያን ያደረ ሰው ነው፤ ከእሱ ጋር ምን ክርክር አለ? እናቴም «ማዕድ ላይ ፖለቲካ እንዳይነሳ» ብላ ከለከለች። አልተነሳም። እንጀራቸውን ሳይተያዩ በልተው ይነሳሉ። እሷ የታረቁ መስሏት ነበር፣ ነፍሷን ይማረው።

ውጭ የሆነውን ታውቀዋለህ። በመስከረም 1969 ከመኢሶን መሪዎች አንዱ የነበሩት ዶክተር ፍቅሬ መርዕድ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደሉ። ቀይ ሽብር ሲፋፋም «አናርኪስት» የተባለ ወጣት ሬሳው መንገድ ላይ ይጣል ጀመር። በነሐሴ 1969 ደግሞ መኢሶን ራሱ ከደርግ ተለይቶ ኅቡዕ ገባ፤ ተራው የእሱ ሆነ። ታላቅ ወንድሜ ያን ክረምት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። እኛ ቤት ጠመንጃ የያዘ ሰው አልነበረም። ስሞቹን ግን ወንድሞቼም ተለዋውጠዋቸዋል፣ በገዛ አፋቸው።

አባቴ ነገረ ፈጅ ነበር። የድሮውን ሙግት ሲያወራልን ያመሽ ነበር። «በላ ልበልሃ» ሲባል ሰምተህ ይሆናል። ሁለት ባላጋራዎች ዳኛ ፊት ቆመው በግጥም ይሟገታሉ። እንዳሁኑ ፍርድ ቤት ጸጥታ ያለበት እንዳይመስልህ። ዘንግ እየወዘወዙ ይንጎራደዳሉ፣ በነገር ይወጋጋሉ፣ በማርና በበቅሎ ይወራረዳሉ። ግን «ተጠየቅ!» ከተባልክ ለተጠየቅከው መመለስ ነው። አባቴ እንደሚለው መልስ ያጣ ሰው ወደ ባላጋራው ዘርና መልክ ሲዞር፣ ከበው የሚሰሙት ሰዎች መረታቱን ያን ጊዜ ያውቁበት ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ቁራኛው ነው። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ፣ በልብሳቸው ጫፍ ይቋጠሩ ነበር። ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። አባቴ «አስቢው እስቲ» ይለኛል፤ «ያን የምትጠይውን ሰውዬ፣ ሲያነጥሰው ይማርህ ልትይው ነው!» ብሎ ይስቃል። ሥርዓቱ ይመለስ አልልህም፤ በዕዳ ሰውን ከሰው ማሰር ክፉ ነገር ነበር። ግን አንተና ወንድምህ በእናታችሁ ተቋጥራችኋል። ብትፈልግም አይፈታልህም።

(እንግሊዞችም ፓርላማቸው ውስጥ ይህንኑ አውቀዋል። እዚያ ጩኸቱና ፌዙ ገበያ ነው የሚመስለው። አንዱ አባል ሌላውን «ውሸታም» ካለ ግን አፈ ጉባኤው ቃልህን አንሳ ይለዋል። እምቢ ካለ ከአዳራሹ ይወጣል።)

ስለዚህ ፖለቲካውን ተወው አልልህም። ባለቤትህ ትቀየመኝ ይሆናል፣ ይቅርታዋን እለምናለሁ። «ማስመሰል ነው» ያልከው ላይ ግን አልስማማም። የሰው ሕይወት እየጠፋ ከሆነማ የወንድምህ መልስ ይበልጥ ያስፈልግሃል። ምን አይቶ፣ ከማን ሰምቶ፣ ማንን ፈርቶ እንደዚያ እንዳለ ማወቅ አለብህ። «ባንዳ» ስትለው ከዚህ ሁሉ ተገላገለ። አንተም ተገላገልክ። ምናልባት አንድ ቀን ሰው ይገደል የሚያሰኝ ነገር ከአፉ ይወጣ ይሆናል። ያን ጊዜ አትለሳለስለት። «ይህ ያልከው ነገር ሰው ያስገድላል» በለው፣ ጮክ ብለህም ቢሆን። እሱም ሲሰማህ የሚመልሰው ነገር ይኖረዋል።

አሁን ሂድ። በጽሑፍ አይሆንም፤ በቴሌግራም ፊቱ አይታይህም። ቅዳሜ ጠዋት በሩን አንኳኳ፣ ለልጆቹ የሆነ ነገር ያዝ። ይቅርታህ ስለ አንዷ ቃል ብቻ ይሁን። «ባንዳ ማለቴ ጥፋት ነው» በለው። «አስቀይሜህ ከሆነ» የምትባለዋን ነገር አደራ እንዳትላት፤ ማስቀየምህንማ ታውቃለህ። ስድቡን ልጆቹ ሰምተውታል፣ ይቅርታውንም ይስሙት። እሱ «ዘረኛ» ያለህን ያንሳ ብለህ አትደራደር። ካነሳው እሰየው።

ሌላ ቀን ደግሞ፣ ቡና ላይ፣ «ያን ቀን ምን ልትለኝ ነበር?» ብለህ ጠይቀው። ይናገር። ሲጨርስ ያለውን በራስህ አፍ መልሰህ ንገረው፣ «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ። ከባድ ነው። እኔ ስሞክረው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ የራሴን ሐሳብ እቀላቅልበታለሁ። ከዚያ የአንተን አምጣ። ከፈለግህ ጩህ።

ለእናትህም መዋሸቱን ተው። ታውቅብሃለች እኮ።

ሁለተኛው ወንድሜ ዛሬ ሰባ ዓመት ሆኖታል። እሁድ እሁድ ቡና ሊጠጣ ይመጣል። ሂሳዊ ድጋፍ ስሕተት እንደነበር እስከ ዛሬ ይከራከረኛል። እኔም በታላቁ ፋንታ ሆኜ እመልስለታለሁ። ሦስተኛዋ ላይ ስንደርስ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። አንድ ቀን «ይሄንን እሱም ብሎኝ ነበር፣ አልሰማሁትም» አለኝ።

ጥያቄ፦ አዳማ ካፌ አለኝ። ደንበኞቼ በፖለቲካ እየተጣሉ አስቸገሩኝ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ስኒ ተሰበረ። «ፖለቲካ ማውራት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ልለጥፍ?
ባለ ካፌዋ

መልስ፦ አትለጥፊ። ጽሑፉ ራሱ ሌላ ክርክር ይሆንብሻል፤ «ለማን አድልታ ነው?» ይሉሻል። ዜና ሰዓት ላይ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀንሺው። ሲጋጋሉ መሐላቸው ገብተሽ «በሕግ አምላክ!» በይ። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባል የለ? የአዳማ ልጆች ከውኃ አይብሱም። ሒሳቡን ግን ቀድመሽ ተቀበዪ።