ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው እንግዳ

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ የምንኖር፣ በቁጥር አነስተኛ የሆንን ካቶሊካውያን ነን። ለሥራ ወደ ከተማችን የመጣች አንዲት ወጣት ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ሦስት እሑድ አስቀደሰች። በሦስተኛው እሑድ እኔው ራሴ ደጃፉ ላይ «ካቶሊክ ነሽ ወይስ ኦርቶዶክስ?» አልኋት። «ኦርቶዶክስ ነኝ» ብላ አንገቷን ደፍታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ጥፋቴ ምን ላይ ነው? ብትመለስስ መቍረብ ትችላለች? ካቶሊክ ልሁን ብትልስ ዳግመኛ ትጠመቃለች?

መልስ፦ ጥያቄዎ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ከሰላምታው መቅደሙ ነው። በእርስዎ አገር መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ያለ መንገደኛ ከየት እንደ መጣ የሚጠየቀው እግሩን ታጥቦ፣ እራቱን በልቶ፣ ባናውን ደርቦ እሳት ዳር ከተቀመጠ በኋላ ነው። ያቺን ልጅ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሟን እንኳ የጠየቃት ሳይኖር፣ የሰማችው የመጀመሪያ ቃል ሃይማኖቷን የሚመረምር ሆነባት። የሚያስቆጨው ደግሞ በግእዝ ሥርዓት የሚቀደሰው ቅዳሴ ለእርሷ ባዕድ አለመሆኑ ነው፤ የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ስም ሲጠራ ትደነግጥ ይሆናል እንጂ «እግዚኦ ተሣሃለነ»ን ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች። ባዕድ የሆንባት እኛ ሰዎቹ ነን። ጣሊያናዊው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ አቡነ ማስያስ እ.ኤ.አ. በ1868 ሸዋ ሲገቡ እርሳቸውም እንግዳ ነበሩ፤ በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1879 እስኪወጡ ድረስ ያስተናገዷቸው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ደግሞ ካቶሊክ አልነበሩም።

ስለ ቍርባን የጠየቁት በጥንቃቄ የሚመለስ ነው። የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ውሳኔ መሠረት፣ እንደ ኦርቶዶክስ ያሉ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ምእመን በራሱ ፈቃድ ከጠየቀና በሚገባ ከተዘጋጀ፣ ካቶሊካዊ ካህን ንስሐን፣ ቅዱስ ቍርባንንና ምስጢረ ቀንዲልን ሊሰጠው ይችላል። «በራሱ ፈቃድ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ከባድ ነው፤ የራሷ ቤተ ክርስቲያን ይህን ስለማትፈቅድ፣ እርስዎ «ለምን አትቈርቢም?» ብለው ሊገፋፏት አይገባም። ጉዳዩ በእርሷና በካህኑ መካከል ይቆይ።

ዳግም ጥምቀት ግን ፈጽሞ የለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቅ ካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና፣ ከኦርቶዶክስ የሚመጣ ምእመን አስፈላጊውን ዝግጅት አድርጎ የካቶሊክ እምነትን በመመስከር ብቻ እንዲቀበሉት ያዛል፤ ሥርዓቱንም እንደያዘ ይኖራል። ጥምቀቷ ጥምቀት ነው፣ ሜሮኗም ሜሮን ነው።

አሁን ቤቷን የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ከባለቤትዎ ወይም ከሌላ እናት ጋር ሄደው ይቅርታ ይጠይቋት። «ለምን ቀረሽ?» አይበሏት፤ የምትኖርበትን ሰፈር ለመደችው እንደ ሆነ፣ ብርዱ እንዴት እንደ ያዛት ይጠይቋት። «ወደ ደብሬ ተመልሼአለሁ» ብትልዎ ደስ ይበልዎ፤ መንገድ ላይ ሲያገኟትም ሰላምታዎን አይንፈጓት። ለወደፊቱ ደግሞ እርስዎ ራስዎ የፊተኛውን ወንበር ለሌላ ለቀው፣ እሑድ እሑድ ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ቢቀመጡ መልካም ነው።