ቱኤል አውርዶ ስሪኤል ስለመግጠም፦ ከባሕር ዳር ለጠየቀው ወንድም

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። «ኤልኤን 85 ሃይሉክስ አለኝ፤ ቱኤል ሞተሯ አፍልታ ቴስታታው ተሰነጠቀ፤ ዘይትም ትበላለች። ላሠራት ወይስ ስሪኤል ልግጠምባት? ስንትስ ይፈጃል?» ነው ያልከው። ለማያውቅ አንባቢ፦ ቱኤልና ስሪኤል የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ናቸው፤ ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው። ከእኔ በፊት የመለሱልህን አነበብኩ። ግማሹ ሽጣት ይልሃል። ሽጠህ ምን ልትገዛ? በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የአሮጌ መኪና ዋጋ አይቀመስም። ግማሹ ደግሞ ዲፎርዲ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዘውን የቶዮታ ናፍጣ ሞተር፣ ግጠምባት ይልሃል። እነሱ ጋ እመለሳለሁ።

እኔም ያንተኑ መኪና ነው የምነዳው። ከወረታ ሽንኩርት አመጣለሁ፤ ከባሕር ዳር ሲሚንቶና ቆርቆሮ ጭኜ እመለሳለሁ። አልፎ አልፎ እስከ እንጅባራ እወጣለሁ። የምነግርህ ሁሉ ከኪሴ የወጣ ነው።

1. ስሪኤል ግጠም። ዘይት የማትበላ ብትሆን ኖሮ ቴስታታውን ብቻ ቀይር እልህ ነበር። ዘይት ከበላች ግን አዲስ ቴስታታ በደከመ ፒስቶን ላይ መጫን ብር ማቃጠል ነው። ቱኤልና ስሪኤል አንድ ቤተሰብ ናቸው። ቱኤል 2446 ሲሲ ነው፣ ስሪኤል 2779። ካምቢዮህ ያው፣ የሞተር መቀመጫው ያው። ብየዳ የለም፣ ሻንሲ መቁረጥ የለም። ፋይቭኤልም ይገባል። እሱ 2986 ሲሲ ነው፤ ግን ስሙን ገና ስትጠራ ሻጩ ዋጋውን ይሰቅለዋል።

ጉልበቱ ትርፍ እንዳይመስልህ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን እዚሁ ቆሞ ያጣል። እንጅባራ ደግሞ ከ2500 ሜትር በላይ ነው። ቱኤል ሽንኩርት ጭኖ ያንን ዳገት ሲይዝ ጥቁር ጭስ የሚተፋው ለዚህ ነው። ናፍጣው ይገባል፣ የሚያቃጥለው አየር የለም።

ዲፎርዲ የሚሉህን አትስማ። ኮምፒውተሩ አለ፣ ሽቦው አለ፣ ሴንሰሩ አለ፣ ናፍጣውም ንጹሕ መሆን አለበት። እኛ ደግሞ የማደያ ሰልፍ ሲሰለቸን ከጀሪካን የምንቀዳ ሰዎች ነን። የስሪኤል ፓምፕ ሜካኒካል ነው። ፊልትሮ በጊዜው እየቀየርክ ትኖራለህ።

2. ወጪ። በ2015 ዓ.ም. ያገለገለ ስሪኤል ከነፓምፑ በ210 ሺህ ብር ገዛሁ። ያንን ዋጋ ዛሬ ለሻጭ ብትጠራለት ይስቅብሃል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ጠዋት ሌላ ማታ ሌላ ዋጋ የሚናገር ሱቅ አለ። ስለዚህ የእኔን ብር ተወውና ስሌቱን ያዝ፦ ሞተሩ የሚፈጀውን ግማሽ ከላዩ ጨምርበት። እኔን ከሞተሩ ሌላ ከመቶ ሺህ ብር በላይ አስወጥቶኛል። ቺንጊያ፣ የውሃ ፖምፓ፣ ጓርኒሲዮን፣ የፊትና የኋላ የዘይት ጎሚኒ፣ ፍሪሲዮን፣ የሞተር መቀመጫ ጎማ፣ የራዲያተር ቱቦ፣ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ የአይሱዙ ጭነት፣ የእጅ ዋጋ። «ሞተሩ ስንት ነው?» ብሎ ብቻ ጠይቆ ሥራ የሚጀምር ሰው መኪናውን ጋራዥ ውስጥ በድንጋይ ላይ አቁሞ ዕቁብ ይጠብቃል።

ሞተሩ ወርዶ ሳለ ፍሪሲዮን ላይ አትቆጥብ። ነገ ለእሱ ብቻ ካምቢዮ ሲወርድ ሁለተኛ የእጅ ትከፍላለህ። ቺንጊያውንም ሻጩ «አዲስ ነው» ይልሃል። ይበል። አንተ ቀይረው። የዚህ ሞተር ቺንጊያ፣ ቫልቮላውን ከፒስቶኑ ጋር በጊዜው የሚያስኬደው ቀበቶ፣ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የሚቀየር ነው። ከተበጠሰ ቫልቮላው ከፒስቶን ጋር ይጋጫል፤ ከዚያ ወዲያ እንደገና ሞተር ፍለጋ ነው። ካንዴላ፣ ቀዝቃዛ ሞተር እንዲነሣ የሚያሞቀውን፣ ስትገዛም የተጻፈበትን ቮልት አንብብ። ባለ 6 ቮልት አለ፣ ባለ 12 ቮልት ገደማም አለ። ባለ 6ቱን በቀጥታ ከባትሪ ጋር ካገናኙብህ ወዲያው ይቃጠላል፤ ኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ «ካንዴላው ፎርጂድ ነው» ብሎ ሌላ ያስገዛሃል።

3. ደረሰኝ። እዚህ ላይ ምክሩ ይቆየንና የደረሰብኝን ስማ።

ሞተሩን ያገኘሁት አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። ምርጫው እዚያ ነው ያለው። አስነሥተን አየነው፤ በቀዝቃዛው ተነሣ። እየሠራ የዘይት ክዳኑን ከፍቼ እጄን ጫንኩበት፣ አይተነፍስም፤ ፒስቶኑ አልደከመም ማለት ነው። ሻጩ ሻይ አዘዘልን። ከዚያ ያቺ የታወቀች ጥያቄ መጣች። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ያለ ደረሰኝ ጥሩ ይቀንስልኛል። አብሮኝ የነበረው ሰው በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። እኔ ግን በደረሰኝ አልኩ። 15 በመቶ ቫቱን ቆጥሬ ከፈልኩ። ሕጋዊ ሰው ነኝ ብዬም ኮራሁ።

ደረሰኙ ላይ ግን «ያገለገለ ሞተር፣ ብዛት 1» ብሎ ጻፈ። የሞተር ቁጥሩን አልጻፈም። ቁጥሩስ ስለው «ዲክላራሲዮኑ ላይ አለ አባቴ» አለና የዚያኑ የጉምሩክ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ሰጠኝ። ሞተሩ አይሱዙ ላይ ተጭኖ አባይ በረሃን ተሻግሮ ባሕር ዳር ገባ፣ ተገጠመ፣ ሄደ። ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎኝ በግ አርደናል።

ከዚያ ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥሩን ለማስቀየር አንድ ቢሮ ሄድኩ። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ነገም ጉዳይ ይኖረኛል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «ኦሪጅናል» አለች። ኦሪጅናሉ አስመጪው ጋ ነው አልኳት። «እንግዲያው ማህተም ያለው ኮፒ አምጣ።» ኮፒውን ገልበጥ አድርጋ አየችና ደግሞ፣ «ይሄ ሞተር በብዛት ይላል እንጂ ቁጥር የለውም። ያንተ እዚህ ውስጥ እንዳለ በምን አውቃለሁ?» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ጥያቄዋ ልክ ነው። የተሰረቀ ሞተር በዚሁ መንገድ ሊብሬ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ያበገነኝ አነጋገሯ ነው። በአባቷ ዕድሜ ያለሁትን ሰው «አንተ» እያለች፣ ወረቀቴን በእስክሪብቶዋ ጫፍ ገፋ እያደረገች። ኃላፊውን ላነጋግር አልኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ናቸው። ስብሰባው ሲያልቅ ሲስተም የለም። ሲስተም ሲመጣ ልጅቷ ፈቃድ ወጥታለች፤ የተተካው ልጅ ደግሞ ሁሉንም ከአንድ ጀምሮ ይጠይቀኛል። እሱ ግን ቢያንስ «እርስዎ» ይላል። እግዜር ይስጠው፣ መጨረሻ ላይ የጨረሰልኝም እሱ ነው።

ሻጩ መጀመሪያ ስደውልለት «ችግር የለም አባቴ፣ ነገ እልካለሁ» ይል ነበር። ቆየት ብሎ ስልኩን ማንሣት ተወ። ደግነቱ የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ይማራል። ሄዶ ሱቁ በር ላይ ቁጭ አለ። ገዢ በገባ ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ «እኔ ቁጥር የሌለው ደረሰኝ የተሰጠኝ ሰው ነኝ» ይላል። ማህተሙም፣ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ የተዘረዘሩበት ወረቀትም ተገኘ። ለካ ከመጀመሪያውም መሳቢያ ውስጥ ነበር።

በዚህ መሃል የመኪናዋ ቦሎ አለፈ። ግቢ ውስጥ ቆመች። ወቅቱ ደግሞ ሽንኩርት የሚወጣበት ነው። አዲስ ሞተር የገጠምኩላት መኪና ቆማ እኔ በሰው መኪና እየጫንኩ ኪራይ ከፈልኩ። ከፍሪሲዮኑም ከቺንጊያውም በላይ ያከሰረኝ እሱ ነው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አንተ እንዲህ አድርግ። ሞተር ከመግዛትህ በፊት ቢሮው ሂድ። ምን ምን ወረቀት እንደሚፈልጉ ጠይቅ፣ የሚሉህን ጻፈው፣ የነገረህን ሰው የመስኮት ቁጥርም ጻፍ። ሞተሩ ጋ ስትደርስ ብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር በናፍጣ አጥበህ በብረት ብሩሽ ፈግፍገህ በዓይንህ አንብበው። ፎቶ አንሣው። የተፋቀ ወይም ድጋሚ የተመታ ከመሰለህ ሻዩን እንኳ ሳትጨርስ ውጣ። ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ የማህተም ኮፒውም በእጅህ ይግባ፤ ከዚያ በኋላ ብሩን ልቀቅ። ቀብድም ቢሆን። ሻጭ ትሑት የሚሆነው ብሩ አንተ ጋ ሳለ ብቻ ነው። ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር ስታመሳክር አንድ በአንድ ይሁን፤ ቢሮ ውስጥ አንዷ አሃዝ ከተሳሳተች ሌላ ሞተር ነው። ሊብሬው ሲስተካከል ኢንሹራንሱ ላይም አስቀይር።

የድሮውን ብሎክም እስከዚያ አትሽጠው። ሊብሬው ላይ ያለው የእሱ ቁጥር ነው፣ ስሙ ደግሞ ያንተ። እኔ ለቆራሌው ልሰጠው ስል ባለቤቴ ናት የከለከለችኝ። ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) እና ዲናሞውን ግን ፈትተህ አስቀምጥ፤ የመጠባበቂያ ዋጋቸውን ጨለማ ውስጥ ሐሙሲት ላይ ስትቆም ታውቀዋለህ።

4. መካኒክ። ባሕር ዳር ጎበዝ መካኒክ ሞልቷል። በፓራንኮ፣ በሰንሰለት ማንሻው፣ ሞተር አውርደው በማግስቱ ሌላውን የሚያስነሡ ልጆች አሉ። ግን ብዙዎቹ አንድ አመል አለባቸው፤ ቴርሞስታት አውልቀው ይጥላሉ። «እዚህ ሙቀት ነው፣ ምን ያደርግልሃል?» ይሉሃል። ያንተ ቴስታታ የተሰነጠቀው በዚህ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። የእኔም ሲከፈት የቴርሞስታቱ ቤት ባዶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን መንገድ ይከፍታል። በዚያው ልክ ውሃው ራዲያተር ሳይገባ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ስታወልቀው አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀራል። ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ እየዞረ ይመለሳል። ከተማ ውስጥ ችግሩ አይታይህም። ጭነት ይዘህ ዳገት ስትይዝ ያፈላል። ቱኤል ደግሞ አንዴ ካፈላ ቴስታታውን ቫልቮላዎቹ መሃል ይሰነጥቃል። ብሎኑን እያሰርክ፣ ጓርኒሲዮን እየቀየርክ ብትኖር የምትታከመው ምልክቱን ነው።

የራዲያተር ክዳንም አዲስ ግዛ። እኛ ከፍታ ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከዚያ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ያ ሁሉ ይቀራል። በጣም ትንሽ ብር ነው። መካኒኩ ግን ክዳን አያስገዛህም፤ ክዳን ላይ የእጅ የለውም። የጉድጓድ ውሃ አትጨምር፣ ራዲያተሩ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እየሠራ ቱቦዎቹን ይደፍናል። ኩላንት ካጣህ የዝናብ ውሃ ይሻላል።

የእኔዋ አሁን ሽንኩርት ሞልቼባት አባይ በረሃን ስትወጣ መርፌዋ ከመሃል አታልፍም። ጓደኞቼ ጎሐጽዮን ደርሰው ኮፈን ከፍተው ሲቆሙ እኔ ምሳ እየበላሁ እጠብቃቸዋለሁ። ይህን ጉራ በለው፣ ከፍዬበታለሁ።

ሻጭ ስታገኝ የሞተር ቁጥሩን ፎቶና የዲክላራሲዮኑን ኮፒ በውስጥ መስመር ላክልኝ፤ እዚህ ለሁሉ አትለጥፈው። ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ነኝ፣ ከሰዓት በኋላ አይልሃለሁ። ቴርሞስታት ስትገዛም 82 ዲግሪ የሚል የተመታበትን ያዝ፤ መካኒኩ ሲገጥመው ደግሞ አጠገቡ ቁም።