የጥብስ ቅጠላችሁ ውሃ ጠምቶት አይደለም

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ያለች አንዲት ወጣት ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ የጥብስ ቅጠሌ እየደረቀ ነው። ውሃ ባጠጣው ባጠጣው ይብስበታል። ምን ላድርግ?» አለችኝ። ነገርኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንዲት የእነዋሪ እናት ትዝ ብለውኝ አመሸሁ።

ያኔ ሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ እነዋሪ ላይ የግብርና ሠራተኛ ነበርኩ። እናቶች ጓሯቸው ላይ እንዲተክሉ ተብሎ የጥብስ ቅጠል ችግኝ በመኪና መጣ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የመጣው ግን ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ በከበደበት ሰዓት ነው። ትእዛዙም «ጉድጓድ ቆፍራችሁ ትከሉ» የሚል ነበር። የጅሩ መሬት ደግሞ ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ከያዘ አይለቅም። ጉድጓዱ ሁሉ ኩሬ ሆነ።

እኚህ እናት ችግኞቹን እንደ ልጅ ነበር የሚያዩአቸው። ቅጠሉ ሲጠወልግ የጠማው መስሏቸው ከምንጭ እየቀዱ ጨመሩለት። ነሐሴ ሳያልቅ አንዱም አልተረፈም። «የኔ እጅ ለተክል አይሆንም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ጓሯቸው ላይ ምንም አልተከሉም። እኔ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ። ጥፋቱ የእጃቸው እንዳልነበር ሄጄ ልነግራቸው አስብ ነበር። ሳልነግራቸው አረፉ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሥር አየር ሲያጣ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ አይስብም። ስለዚህ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይደርቃል። የጥብስ ቅጠል የሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ ተክል ነው፤ ድንጋያማ፣ ውሃ የማይቋጥር መሬት ይወዳል።

የሚያንገበግበኝ፣ መፍትሔው እዚያው መንደር ውስጥ ነበር። የእነዋሪ ገበሬ ስንዴ ሲዘራ አፈሩን በእጁ እያፈሰ ከፍ ያለ መደብ ይሠራል፤ በመሃሉ ቦይ ያወጣል። ትልቅ ትንሹ ወጥቶ ነው የሚሠራው። ለስንዴው መደብ፣ ለጥብስ ቅጠሉ ግን ጉድጓድ ሆነ። በነገራችን ላይ የጅሩን ሰንጋ በዚህ ቅጠል ተጠብሶ ያልበላ፣ ጥብስ በላሁ አይበል።

የዘንድሮ ልጆች ትዕግሥት የላችሁም። የተከላችሁትን በሳምንቱ ነቅላችሁ ሥሩን ታያላችሁ። ደግሞ ሳትጠይቁ አታድሩም፤ ይህን እወድላችኋለሁ። በእኛ ጊዜ «ለምን ጉድጓድ?» ያለ ሰው አልነበረም።

በዘር አትድከሙ። ከጎረቤት ያላበበ ለጋ ጫፍ፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል ሸምጥጡና አሸዋ በበዛበት አፈር ሰክታችሁ ጥላ ሥር አቆዩት። ሥር እስኪያወጣ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ከዚያ ፀሐይ ወደሚያገኝ ከፍ ያለ መደብ አዛውሩት። ፍግ አታብዙበት። አፈሩን በጣት ነክታችሁ ደረቅ ሲሆን ብቻ አጠጡ።

ደብረ ብርሃንና መንዝ ያላችሁ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ አለባችሁ። የጠነከረው ቁጥቋጦ ይችለዋል። ለጋውን ግን ማታ ጆንያ አልብሱት፣ ጠዋት ግለጡት።

ለወጥ ስትቆርጡም ለስላሳውን ጫፍ ብቻ ውሰዱ። ቅጠል እስከሌለው አሮጌ እንጨት ድረስ ከቆረጣችሁት ከዚያ ላይ መልሶ አያቆጠቁጥም።